በአባታቸው ጀርባ የሚያድጉት

ጡረታ የወጣሁት ማንም ሳያወጣኝ ነው። ቤይሩት ውስጥ ለእንደኔ ዓይነቷ ሠራተኛ የስንብት ግብዣ የሚደግስ መሥሪያ ቤት የለም። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም አለ፣ ዱካኑ፣ ሱቁ ማለቴ ነው፣ ተዘጋ፣ እኔም ሻንጣዬን ይዤ ተመለስኩ። ዓይን ኤል ረማነህ ሰፈር የነበረው ሱቃችን አሁን የስልክ ልባስ ይሸጥበታል አሉ። እዚህ አዲስ አበባ ጎረቤቶቼ "እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?" ሲሉኝ "እንስሳ እሸጥ ነበር" እላለሁ። በግ ይመስላቸዋል። "ያዋጣል?" ይላሉ። "እንደ በጉ ነው" ብዬ አልፋለሁ። በጭብጥ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋ ጦጣ ስሸጥ ነበር ብላቸው አብዳ ነው የመጣችው ይሉኛል። ለዚያ ነው መጻፍ የመረጥኩት፤ ወረቀት እየሳቀ አያቋርጥም።

ትምህርቴ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። እዚያ ያደገ ሰው የገዢውን አፍ አይሰማም፣ እጁን ነው የሚያየው። የሚገዛ ሰው ዕቃውን ገልብጦ ሥሩን ያያል። የማይገዛ ያደንቃል። ይህችን እውቀት ይዤ፣ በፈረንጆቹ 2006፣ የዚያ ዓመቱ ጦርነት ባለቀ ሰሞን ቤይሩት ገባሁ። የመጀመሪያ ቤቴ አንጠልያስ፣ አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ዘንድ ነበር። ማዳሜ ግራጫ በቀቀን ነበራት። በቀቀኑ በሟቹ ድምፅ "ቡናው የት አለ?" እያለ ይጠራል። ሁለት ጊዜ አፍልቼ ሮጬለታለሁ። ማዳሜ ሁለቱንም ጊዜ አልሳቀችም፤ ስኒውን ተቀብላ ራሷ ጠጣችው።

ይህ በቀቀን ደረቱን እየነጨ ራቁቱን መቅረት ሲጀምር ነው ዓይን ኤል ረማነህ፣ ወደ አቡ ጆርጅ የእንስሳት ዱካን ይዤው የሄድኩት። በኋላ ማዳሜ ፈረንሳይ ልጇ ዘንድ ስትጠቀለል የመኖሪያና የሥራ ወረቀቴን ወደ እሱ አዛወረችው። ስለ ወረቀቱ ጣጣ ብጽፍ መጽሐፍ ይወጣዋል፣ ግን ማንም አያነበውም።

አቡ ጆርጅ ሲሉት የጆርጅ አባት ማለታቸው ነው፤ እዚያ አገር ሰው ከወለደ በኋላ በልጁ ስም ይጠራል። ዕድሜውን ሙሉ ቢጫ ዘማሪ ወፎች ሲያረባ የኖረ፣ አጭር፣ ሱሪውን ከእምብርቱ በላይ የሚታጠቅ ሰው ነበር። ሽቶ አይነካም። እጁን ያለ ሳሙና ታጥቦ፣ ብብቱ ስር አሙቆ ነው እንስሳ የሚይዘው።

"ያ ቢንቲ፣ አንቺ ተኝተሽ ቀዝቃዛ እጅ ቢነካሽ ምን ትያለሽ?" አለኝ አንድ ቀን።

"እጁ የማን እንደሆነ ነዋ የሚወስነው" አልኩት።

"ቢንቲ"፣ ማለትም "ልጄ" ማለቱን ትቶ ለአንድ ሳምንት ያህል "እመቤት" እያለ ጠራኝ።

መኖ ሲመጣ ቀምሶ ነው የሚረከበው። ገና በሩ ላይ እንስሳውን አይቶ ለሚስቅ ገዢ አይሸጥም፤ "ይቅርታ፣ የተሸጠ ነው" ይላል። "መጫወቻ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ይሰለቻል" ነበር ምክንያቱ። ከልማዱ ሁሉ የሚደንቀኝ ግን አቀማመጡ ነበር። አዲስ የመጣ፣ የታመመ ወይም ጠባዩ ያልገባው እንስሳ ሲያጋጥመው የለስላሳ ሳጥን ይደፋና ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ሁለት እጁን ጭኑ ስር ይከታል። ስልክ ይጮሃል፣ ደንበኛ ይጣራል፣ እሱ እጁ ላይ ተቀምጦ ያያል። "እጅ ችኩል ነው፤ ዓይን ሳይጨርስ እሱ ይጀምራል" ይለኝ ነበር። እኔ ከሥራ መሸሻ ዘዴ መስሎኝ ሰነበትኩ። መርካቶ ውስጥ እጁ ላይ የተቀመጠ ሰው እራቱን አይበላም።

ትንንሾቹ ጦጣዎች የመጡት የሀብታም ቤቶች ውሻ በሰለቻቸው ጊዜ ነው። ማርሞሴት ይባላሉ። ሰው ቤት የሚሠሩት የእኛ አገር ልጆች ግን "ሚጢጢ" ነው የሚሏቸው። ከጦጣ ሁሉ ትንሿ ይህቺ ናት፤ አዋቂዋ ሎሚ ታክላለች፣ ጅራቷ ከገላዋ ይረዝማል፣ ፊቷን እንደ አንበሳ ያለ ጎፈር ይከበዋል። አገራቸው ደቡብ አሜሪካ ነው፣ ዝናብ የማይለየው ጫካ። እዚያ የዛፉን ልጥ በጥርሳቸው እየፈለፈሉ የሚወጣውን ሙጫ ይልሳሉ። እኔም ከቅመም ነጋዴ የግራር ሙጫ እየገዛሁ በውሃ እያሟሟሁ፣ በቅርንጫፍ ላይ በሰረሰርኩት ቀዳዳ ውስጥ እሞላላቸው ነበር። በሳህን ብታቀርብላቸው ይበሉታል፣ ግን ቀኑ አይሞላላቸውም፤ ጥርሳቸው ሥራ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ትል ያሻቸዋል። ዱቄት ውስጥ የሚራባውን ዓይነት ትል በፉርሽካ ባልዲ፣ አልጋዬ ስር ነበር የማረባው። አብራኝ ቤት የተከራየችው ልጅ ባወቀች ቀን ፍራሿን ተሸክማ ወጣች፤ እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም።

ንግዱን ያቃናልኝ አንድ ነገር መረዳቴ ነው። የምትገዛው ማዳም ናት። እንስሳው ቤት ከገባ በኋላ ግን የምታበላው፣ የምታጥበው፣ ሲታመም አብራው የምታድረው ከእኛ ልጆች አንዷ ነች። ስለዚህ ማዳሟን ካስከፈልኩ በኋላ "ቤት ያለችው ልጅ ማን ትባላለች?" እላለሁ። ከዚያ እሑድ እሑድ ራውሼ፣ ባሕሩ ዳር፣ ልጆቹ የአሠሪዎቻቸውን ውሻና አሮጊት ይዘው ሲንሸራሸሩ አገኛቸውና በነጻ እመክራለሁ። ምክር በነጻ፣ ትል በገንዘብ። ለአንዷ ማዳም የሸጥኩላት ሚጢጢ እግሩ ጎብጦ መቆም ሲያቅተው፣ ጎረቤቷ የወሰደችው ግን እንደ ፌንጣ ሲዘል አይተን ግራ ገብቶን ነበር። አቡ ጆርጅ ሄዶ እጁ ላይ ተቀመጠ። ሲመለስ "የጎረቤትየዋ ሠራተኛ ልብስ ስታሰጣ ትከሻዋ ላይ አድርጋው ባልኮን ትወጣለች። የጎበጠው ፀሐይን በመስታወት ነው የሚያያት" አለኝ። ለካ ፀሐይ በመስታወት ስታልፍ አጥንት የምታጠነክርበትን ነገር ትታ ነው የምትገባው። ከዚያ ወዲህ ለገዢው ሁሉ የምለው አንድ ሆነ፦ "ልብስ ሲሰጣ፣ አብሮ ይሰጣ።"

መዲናን ያወቅኳት በዚሁ በራውሼ ነው። የወሎ ልጅ ናት፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ካለ ገጠር። ባሕሩን ቁልቁል ከሚያይ ሕንፃ ላይ ኮንትራት፣ አሠሪዋ ቤት እያደረች፣ ትሠራለች፤ የማዳሟን እናት በባለ ጎማ ወንበር፣ እኛ ጋሪ በምንለው፣ እየገፋች ነው የምታገኘኝ። ማዳሟ ከእኛ አንድ ወንድና አንድ ሴት ሚጢጢ ወሰደች። ልጆቿ ለጥቂት ጊዜ አብረዋቸው ፎቶ ተነሱና ረሷቸው። መዲና ወንዱን ሸጋው፣ ሴቷን እሜቴ አለቻቸው።

"በአንድ ቤት ሁለት እመቤት አልበዛብሽም?" አልኳት።

"ይቺኛዋስ ስጠራት ትመጣለች" አለችኝ።

መዲና አገሯ ላይ አብዱ የሚባል ትንሽ ልጅ አላት፤ ጡት ባስጣለችው በዓመቱ ነው ከአባቱ ከሰይድ ጋር ትታው የወጣችው። ልቧ እዚያ ነው። እናቷ ደግሞ በየስልኩ "ወንድ ብቻውን ልጅ አሳድጎ ያውቃል? ልጁን አምጥቼ እኔ ላሳድገው" ይላሉ። ሰይድ አልሰጥም ብሏል። ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደርሶ፣ ሽማግሌዎቹ "የእናትየዋ ቃል ይምጣ" አሉ። ቃሉን የምትሰጠው እሷ ነች። ልጁ የት እንደሚያድግ ከባሕር ማዶ፣ የሰው ሳህን እያጠበች ነው የምትወስነው።

"ምን ልትያቸው ነው?" አልኳት።

"ያው ለእናቴ ነዋ። ሰይድ ክፉ ሰው አይደለም፣ እቴ ወይንሸት። ግን ወንድ ነው። እኔ አብዱን ስወልድ እናቴ እሱን ከደጅ ነው ያሳደረችው። ወንድ ምን ያውቃል?"

እኔም እውነቷን ነው አልኩ። አልወለድኩም፣ ግን እናቴ አራስ ስትጠይቅ ተከትዬ አድጌያለሁ፤ ጓዳው ጨለም ይላል፣ ገንፎው ይገነፋል፣ አባት ውጭ ይቆማል። ክርስቲያን ይሁን እስላም በዚህ ላይ ጠብ የለንም።

እሜቴ የወለደች ጠዋት መዲና ደወለች።

"ወለደች፣ ሁለት ናቸው። ግን ሸጋው ቀምቷታል። ጀርባው ላይ አድርጓቸው ይዞራል። ይበላቸው ይሆን?"

አቡ ጆርጅ በዚያን ሰሞን ልቡን ታክሞ ከቤይሩት ወጣ ብሎ ተራራ ላይ፣ እህቱ ቤት አርፎ ነበር፤ ስልክ እንዳይሰጡት ሐኪሙ አዟል። ሰርቪስ የሚሉትን የጋራ ታክሲ ተሳፍሬ ሄድኩ። ማዳሟ ጸጉር ቤት ናት። እውነትም ሸጋው ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነው፣ ሁለቱ ግልገሎች ባቄላ ባቄላ አክለው ጀርባው ላይ ተለጥፈዋል። እሜቴ ሌላው ጥግ ተጋድማ ዓይኗን ጨፍናለች። እኛ ያየነው ምንድን ነው? የደከመች አራስና ልጅ የቀማ ባል። ሌላ ነገር ማየት ይቻል እንደነበር አልመጣልንም።

ሸጋውን በፎጣ ያዝነው። ግልገሎቹ አልላቀቅም አሉ፤ መዲና ጣታቸውን አንድ በአንድ እያላቀቀች ወደ እናታቸው አስጠጋቻቸው። ወንዱን በትርፍ የሽቦ ጎጆ ኩሽና አስቀመጥነው። የእሜቴን ጎጆ በጥቁር አንሶላ ሸፈንን፣ አጃ አቅጥነን በማር ገነፋንላት። ኮርተን ነበር። መዲና "እናቴ ብታየኝ" ስትል አስታውሳለሁ።

እሜቴ አጠባቻቸው። ከዚያ ግን ቅርንጫፉ ላይ ገላዋን እያሸች አራገፈቻቸው። መዲና አንስታ መልሳ አስጠጋች። እሜቴ አጠባች፣ አራገፈች። ከኩሽና ሸጋው እንደ ወፍ ያለ ቀጭን ፉጨት ያሰማል፣ ከአንሶላው ስር እሜቴ ትመልስለታለች። "ናፍቆት ነው፣ ይለምዱታል" አልን። መዲና ግልገሎቹን በጥጥ ይዛ ደረቷ ላይ ልታሞቃቸው ሞከረች፤ የሰው ደረት ግን ፀጉር የለውም፣ የሚይዙት ነገር አጡ። መጀመሪያ ትንሿ፣ በማግስቱ ትልቋ ሞቱ። በጨርቅ ጠቅልላ ባልኮኑ ላይ ካለው የአበባ ማሰሮ አፈር ውስጥ ቀበረቻቸው። ማዳሟ አዘነች፤ እውነት አዘነች። "ዶማዥ" አለች፣ ምን ይደረግ እንደማለት ነው። ቀጥላም "ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ ኸላስ፣ በቃ፣ ሁለቱንም መልሱልኝ፤ የሚሞት ነገር በልጆቼ ፊት አልፈልግም" አለች።

ሸጋውን መልሰን ከእሜቴ ጋር ስናገናኘው ሚስቱን አልፎ ጎጆውን ጥግ ለጥግ ፈለገ። ከዚያ ወዲያ መዲና ፍለጋውን እንዳታይ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር የምታበላቸው።

አቡ ጆርጅ ሲመለስ ሁሉንም ነገርኩት። እንደ ልማዱ እጁ ላይ ተቀምጦ ሰምቶኝ ጠየቀኝ።

"አባትየው የት ነበር?"

"ኩሽና።"

"ታዲያ ማን ይሸከምላት?"

አልተቆጣኝም፤ ለራሱ እንደሚናገር ሆኖ አስረዳኝ። ይህች ፍጡር ሁሌ መንታ ነው የምትወልደው። የሁለቱ ክብደት ከእሷ ክብደት ጋር ሲመዘን ሁለት የሁለት ዓመት ልጆች አንዲትን አራስ እንደ መጫን ነው። ተሸክማም አጥብታም አትችለውም። ስለዚህ ጫካው ውስጥ አባት ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ያዝላል፣ ሲርባቸው ለእናት ያቀብላል፣ ከጠቡ በኋላ ይቀበላል። ቅሚያ ያልነው ቅብብሎሽ ኖሯል። "አንቺን ምን ልበልሽ?" አለኝ። "እኔም ብሆን ቁጭ ብዬ ባላየው ኖሮ እንደዚሁ አደርግ ነበር።"

ብዙ ነገር ከስሬ አውቃለሁ። ሙሉ ጎጆ ወፍ በአንድ ቀን ብርድ አልቆብኛል፣ በገዢ ተታልያለሁ። ይህኛው ግን እንደ ሌላው ኪሳራ ቶሎ አልወጣልኝም፤ ምክንያቱም በደግነት ነው ያደረግነው። ክፋት ሲሆን ሰው ቀጥሎ ይጠነቀቃል። ደግነት ግን ራሱን አይጠረጥርም።

ለመዲና ስነግራት የአሮጊቷን ጋሪ ይዛ ባሕሩን እያየች ነበር። "ወላሂ፣ ጣታቸውን እኮ ነው ያላቀቅኩት" አለች። "አብሽሪ" አልኳት፤ በሷው አገር ቃል፣ አይዞሽ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ቃሏን እየጠበቁ ነበር። ያን ቀን ልትልክ ያሰበችውን የድምፅ መልእክት አልላከችውም።

ከወራት በኋላ እሜቴ እንደገና ወለደች፣ እንደገና ሁለት። መዲና ደወለችልኝና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣሁ። ጎጆውን ወደ ኩሽና አምጥታ፣ ፊት ለፊቱ ሁለት የአትክልት ሳጥን ደፍታ ጠበቀችኝ። ጎን ለጎን ተቀመጥን። እጃችንን ጭናችን ስር ከተትን።

ሸጋው ወሰዳቸው። ሁለቱንም። መዲና አልተነሳችም። ሸጋው ቅርንጫፉ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ከጀርባው ሁለት ጭራ ብቻ ይታያል። እሜቴ ወርዳ በላች፣ ጠጣች፣ ተኛች። ቆይቶ ግልገሎቹ ሲጮኹ ወደ እሷ ሄዶ ጀርባውን አዞረላት። ተቀብላ አጠባች። ሲጠግቡ እሱ መልሶ አዘላቸውና ሄደ። እሷም ዞር ብላ አላየች።

"ይቺ እናት ናት?" አለች መዲና።

"ወተቱ ከማን መጣ?"

"አጥብታ ዞር ማለት ብቻ ነው እንዴ?"

"ዞር ብላ የት ሄደች? ልትበላ። ካልበላች ወተት የለም" አልኳት። ይህን ስል ስለ ጦጣ ብቻ ነበር የማወራው። እሷ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ባለፈው ሳምንት ለአብዱ ጫማ መግዣ ልካ እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ።

ግልገሎቹ ሰነበቱ። ሌላ ችግር መጣ፤ ሸጋው ከሳ። ግልገል ያዘለ ወንድ ለመብላት ወደ ታች አይወርድም፤ መሬት ለሱ ነብር ነው፣ የቤይሩት ኩሽናም ቢሆን። ሁላችንም የምናየው ጀርባውን ስለነበር ሆዱን ያየ የለም። አጥንቱ ሲወጣ ነው አቡ ጆርጅ ዘንድ የሮጥኩት። "ምግቡን ውሰዱለት እንጂ" አለኝ፣ "የተሸከመ ሰው ወደ ማዕድ አይመጣም፤ ማዕዱ ወደ እሱ ይሄዳል።" የምግብ ጽዋውን ከታች ፈትተን ቅርንጫፉ ጫፍ አሰርነው። እንዲያም አልደፈረም። መዲና ረጅም የእንጨት ማንኪያ ላይ ሙጫና የተፈጨ ሙዝ አድርጋ፣ ክንዷ እስኪዝል ዘርግታ ቆመች። ሸጋው ማንኪያውን አየው፣ እሷን አየ። ከዚያ አጎንብሶ ላሰ። እየላሰ አንደኛው ግልገል ከትከሻው ላይ አንገቱን አስግጎ ማንኪያውን አሸተተ።

ከዚያ በኋላ የሚጢጢ ንግድ ለእኔ ጣዕሙ ጠፋ። ያለ ፈቃድ ወረቀት መሸጥም ተከለከለ፣ አቡ ጆርጅም ወደ ወፎቹ ተመለሰ፤ ሲደክም ዱካኑን ለቀቀ። የአገራቸውን ጫካ አላየሁትም፣ አላየውምም። በጭብጥ የሚያዝ ነገር ሁሉ ለጭብጥ የተፈጠረ እንዳልሆነ ግን እየሸጥኩ ነው የተማርኩት፤ ውድ ትምህርት ነው፣ የከፈልኩትም እኔ ብቻ አይደለሁም።

የመዲናን ነገር ላስቀር አልችልም። ግልገሎቹ ከአባታቸው ጀርባ ወርደው ራሳቸው መዝለል በጀመሩበት ሰሞን፣ እሑድ ራውሼ ተገናኘን። አሮጊቷ ጋሪዋ ላይ አንቀላፍታለች። መዲና ስልኳን አወጣችና ለእናቷ ተናገረች፤ እኔ አጠገቧ ነኝ።

"እማዬ፣ ለሽማግሌዎቹ ንገሪልኝ። አብዱ ካለበት አይነሳ። ከአባቱ ጋር ይሁን። አንቺ አትቆጪ፣ ሂጂና እይው፣ ግን አታንሺው።"

እናትየው ወዲያው መልሰው ደወሉ፤ አላነሳችም። ከዚያ የባሏን ቁጥር ፈልጋ ደወለች። ሰይድ አነሳ። ድምፁ ከዳር ይሰማኛል፤ ገና ሰላምታ ሳይጨርስ፣ እንደ ሁልጊዜው ሪፖርት ጀመረ። አብዱ ደህና ነው፣ አብዱ ሳል ለቆታል፣ አብዱ ጠዋት እንቁላል በልቷል፣ አብዱ ጫማው ልክ ሆኖታል።

"እሺ" አለች መዲና። "እሱን ሰማሁ።"

"ሌላ ምን ልንገርሽ?"

"አንተስ?" አለችው። "አንተ በልተሃል ወይ?"

"እኔን ነው?" አለ ሰይድ። ለካ ይህን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም።